የምሥራች የቀበረችው ኤሊ

በአንድ ወቅት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ አንዴ የተቀበረ፣ ሁለት ስም የወጣለት፣ ሦስት ሰው «የእኔ ነው» ያለው አንድ ኤሊ ነበር። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ መጨረሻ ላይ ፍርድ ይጠየቃልና ከወዲሁ ልቡን ሰብስቦ ያዳምጥ።

የኤሊው የመጀመሪያ ስም ባቡር ነበር። ስሙን ያወጡለት ጋሽ ዘውገ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡር ጣቢያ ምልክት ሰጪ ሆነው የሠሩ፣ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ ሲያውለበልቡ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ኤረር አካባቢ ከሐዲዱ መሐል ያገኙት የክብሪት ቤት ሲያክል ነው። አሳድገውት ትሪ አከለ። ሲጠሩትም በሥራ ፊሽካቸው ነበር፦ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። ኤሊው ያንን ሲሰማ የትም ይሁን የት አንገቱን አውጥቶ ይመጣል። ጋሽ ዘውገ ለእንግዳ ሁሉ «በሰዓቱ የሚደርስ ባቡር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ይሉ ነበር።

ጡረታ የወጡ ዕለት የደንብ ልብሳቸውን ኮት አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉት። ከኮቱ ላይ አንድ የነሐስ ቁልፍ በክር ጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር። ባቡር ቀረብ ብሎ አየውና ቲማቲም እንደሚበላ ጎርሶ ዋጠው። ጋሽ ዘውገ አንድ ወር ሙሉ ኩሱን በእንጨት እየጫሩ ቢጠብቁ ምንም የለም። ይህችን ታሪክ ሲጨርሱ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነው፦ «እኔ ከሥራ ወጣሁ፤ ቁልፉ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።»

ከጊዜ በኋላ ጋሽ ዘውገ ሳንባቸውን ታመሙና ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። ኤሊውን አደራ የሰጡት አጥር ለምትጋራቸው ለመምህርት የምሥራች ነበር። ገልብጠው ሆዱን አሳዩአት። በሐዲድ ቀይ ቀለም «417» የሚል ተጽፎበታል፤ የሥራ ቁጥራቸው ነው። «ይህን ከባለቤቴና ካንቺ በቀር ያየ የለም፤ እሷም ዐርፋለች» አሏት።

የምሥራች የሰባተኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ እስከ ጓሮ ይሰማል፤ ከክፍል ስትወጣ ግን በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ባጃጅ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈረች ቤቷን አልፋ ሄዳ በእግሯ የምትመለስ ሴት ነበረች። ብቻዋን ስለምትኖር ባቡር ቤቷ የገባ ሰሞን ሌላ ሰው ሆነች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ሥር ቆሞ የሚጠብቃት ነገር አገኘች። የጎመን አገዳ ትሰጠዋለች፣ እሱ ሲያኝክ እሷ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች፣ አልፎ አልፎም «አየህ ይሄንን መልስ?» ትለዋለች።

ታኅሣሥ ላይ ያልተለመደ ብርድ ገባ። ባቡር አንድ ጥግ ሄዶ ተወሸቀና መንቀሳቀስ አቆመ። አንድ ቀን ጠበቀች፤ ሦስት ቀን ጠበቀች፤ አሥራ አንደኛው ቀን ላይ መስተዋት አፍንጫው ሥር ያዘች። ጉም የሚባል ነገር አልታየም። ጎረቤት ጠርታ እንዳታማክር አፈረች። ቅዳሜ ጠዋት ነጭ የቤተ ሙከራ ጋውኗን ከፈን አድርጋ ጠቀለለችውና ከጓሮዋ ኒም ዛፍ ሥር ቀበረችው። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነባት ጉድጓዱ ክንድ እንኳ አልሞላም። አልቅሳ፣ እጇን ታጥባ፣ የሰኞን ትምህርት ልታዘጋጅ ገባች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምዕራፍ ስድስት ደረሰ። የምሥራች ጠመኔ አንሥታ ጻፈች፦ «እንደ ኤሊ ያሉ የገበሎ አስተኔዎች የሰውነት ሙቀት በአካባቢያቸው ሙቀት ይወሰናል። ብርድ ሲበረታ እንደ ሞተ ሆነው ሊቆዩ...»

ጠመኔው እዚያው ላይ ቆመ። ይህን ዐረፍተ ነገር ዘጠኝ ዓመት በየዓመቱ ጽፋዋለች። ተማሪዎቹን ዝም ብላችሁ ገልብጡ ብላ፣ ሮጣ ቤቷ ብትደርስ፣ ከኒሙ ሥር ጉድጓድ እንጂ ኤሊ የለም። ጋውኗም የለም። ጅብ አውጥቶ በልቶታል ብላ ደመደመች።

የዚያኑ እሑድ ጋሽ ዘውገ ከሆስፒታል ደወሉ። ከሰላምታ በፊት የጠየቁት ባቡርን ነው። ሐኪሞቹ በሽተኛው እንዳይደነግጡ አደራ ብለዋል። የምሥራች «ደህና ነው» አለች። የውሸት ነገር የነብር ጅራት ነው፤ አይይዙትም፣ ከያዙም አይለቁትም። በሚቀጥለው እሑድ «ጎመን በላ» አለች፤ በሦስተኛው «ወፈር ብሏል» አለች። «ወፈር ብሏል» ካለች ደግሞ ወፈር ያለ ኤሊ ማምጣት ግድ ሆነ። ከኤረር በመጣ ሰው በኩል ያንኑ የሚያህል አገኘች። የሐዲድ ቀለም ከየት ይምጣ? ገበያ ወጥታ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛች፤ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነው። ሻጯ «በእጅሽ ላይ ልሞክርልሽ?» ስትላት ፊቷ ከቀለሙ ብሶ ቀላ። ማታውን ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ኤሊውን ጭኗ ላይ ገልብጣ፣ 417 ብላ ጻፈች።

ጋሽ ዘውገ ተሽሏቸው ተመለሱ። ሳንባቸው ቢድንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ፊሽካ መንፋትም ተከልክለዋል። ኤሊውን በእጃቸው ዳስሰው «ጠባይህ ደግሞ እንዴት አምሯል፣ ባቡር» አሉ። የምሥራች ጫማዋን አየች።

ሰፈሩ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ ጎረቤታቸው እትዬ ብርቅነሽ ሁለት ትንንሽ ኤሊዎቻቸውን በቅርጫት ይዘው መጡ፤ «ታማሚ ከታማሚ ጋር ይጫወት» ብለው። በሳምንቱ ሌላ ሰው የራሱን ይዞ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ በየእሑዱ ዐሥር ሰዓት በጋሽ ዘውገ ግቢ የሚሰበሰብ የኤሊ ማኅበር ተቋቋመ። ሕጉም እንደ ዕድር ነበር። ሰው ሲታመም ብርቱካን፣ ኤሊ ሲታመም ፓፓያ ይዞ መጠየቅ ግዴታ ነው። ጠያቂ ለታማሚ፣ ሰውም ይሁን ኤሊ፣ «ከሳህ» ማለት አይፈቀድለትም። የምሥራች ኤሊ የሌላት ብቸኛዋ አባል ሆነች። ሊቅ ናት ተብላ በርጩማ ተሰጣት።

በሦስተኛው ወር ቀፊራ ገበያ አትክልት የሚሸጠው አብዶሽ መጣ። እሱም ኤሊ ይዟል፤ ስሙ በረካ ነው። «ከቦዩ ዳር ነው ያገኘሁት አቦ! ነጭ በነጭ ለብሶ፣ እንደ ደህና ሰው ቀስ እያለ ሲመጣ። ልብሱ ደግሞ ኪስ አለው» አለና ጨርቁን አወጣ። የምሥራች የጋውኗን ኪስ አወቀችው፤ በብዕሯ የተነካ ሰማያዊ ነጥብ አለበት። አብዶሽ ቀጠለ፦ «መምህርት፣ እስቲ ወንድ ነው ሴት?» ተቀብላ ገለበጠችው። 417። ቶሎ መለሰችውና «ወንድ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ እሑድ አልተናገረችም።

በሚቀጥለውም እሑድ አልተናገረችም። እናገራለሁ ብላ ተነሥታ፣ ደጁ ላይ ስትደርስ እያፈረች፣ ስድስት ዓመት አለፈ። ለባዮሎጂ አስተማሪ ኤሊ ከነሕይወቱ ቀበርኩ ማለት ቀላል አይደለም። በየእሑዱ ግን ትቀጣለች። በረካ ከአብዶሽ እግር ሥር ተነሥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ የጋሽ ዘውገ ጫማ ላይ አገጩን አሳርፎ ይተኛል።

«አብዶሽ፣ ይሄ ኤሊህ ከጫማዬ ጋር ምን አለው?» ይላሉ ጋሽ ዘውገ።

«ጋሼ፣ ይጠቡት እንጂ። ጎመን ሸቶት ነው» ይላል አብዶሽ።

ሁሉም ይስቃል። የምሥራችም ትስቃለች፤ እንባዋን ለመጥረግ ሰበብ ታገኛለች።

ማኅበሩ ደግሞ የዋዛ ማኅበር አልነበረም። አንድ ዓመት የምሥራች የወባዋ ሳትሆን ሌላዋ ትንኝ ነድፋት፣ አጥንት በሚሰብረው የደንጊ ትኩሳት ስትያዝ፣ በየተራ ሾርባ እያመጡ አስታመሟት። አብዶሽ በረካን አልጋዋ አጠገብ ትቶላት ይሄድ ነበር። ትኩሳቱ ሲበርድላት ነቅታ፣ የዓመቱን የትምህርት ዕቅድ እስከ የካቲት ድረስ በልቶ አገኘችው። «አየህ ይሄንን መልስ?» አለችው። ከዚያ በኋላማ ሚስጥሩ ይብስ ከበዳት፤ ያዳኗትን ሰዎች ነው በየሳምንቱ የምታታልለው።

ከዚያ በረካ ታመመ።

መብላት አቆመ፣ አንገቱን አስገባ፣ ዐይኑ ጎደጎደ። ማኅበርተኛው ስምንት ፓፓያ ይዞ ጠየቀ። አንዱ ማር አለ፣ አንዱ ፌጦ አለ። ጋሽ ዘውገ ግቢ የተጠራችው የእንስሳት ሐኪም በኋላ እግሩ በኩል ጣቷን አስገብታ ዳሰሰችና ጠጣር ነገር አገኘች። «ምን ውጦ ነው? ስለታም ነገር ከሆነና ካሸነው ይቆርጠዋል፣ ይሞታል። ክብና ልሙጥ ከሆነ ዘይት እያበላን፣ ለብ ባለ ውሃ እያሸን እናወጣዋለን። ራጅ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱን አይችለውም።»

አብዶሽ ከጎመንና ከቲማቲም በቀር ምንም አላበላሁትም ብሎ ማለ። ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። እንግዲያው ሳላውቅ አልነካውም፣ ከሁለት ቀን በላይም አይቆይም አለች።

የምሥራች በርጩማዋ ላይ ሆና «ቁልፍ ነው» አለች። ማንም አልሰማትም።

ተነሣችና በክፍል ድምፅዋ ተናገረች። «ቁልፍ ነው። ክብ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ የነሐስ ነው። የጋሽ ዘውገ የደንብ ልብስ ቁልፍ ነው።»

እትዬ ብርቅነሽ ደንግጠው ግንባሯን ዳሰሱ። «ትኩሳቱ ተመለሰባት እንዴ?»

«አልተመለሰብኝም፣ እትዬ። ይሄ በረካ አይደለም፤ ባቡር ነው። ሞተ ብዬ እኔው ቀበርኩት። አልሞተም ነበር። ጋሽ ዘውገ ቤት ያለው ከኤረር ያመጣሁት ነው።»

በረካ ተገለበጠ፤ 417 አለ። የጋሽ ዘውገም ኤሊ መጥቶ ተገለበጠ፤ እሱም 417 አለ። እትዬ ብርቅነሽ የሁለተኛውን ሆድ በጥፍራቸው ፈቅፈቅ አድርገው «ይሄኛውስ ለሠርግ ነው የተዘጋጀው» አሉ። የሳቀ ግን የለም። ሁሉም ጋሽ ዘውገን ያያል።

ጋሽ ዘውገ ቀስ ብለው ጠየቁ። «ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየማታው፣ ስለ ባለቤቴ ሳጫውተው የኖርኩት... ለማላውቀው ኤሊ ነው?»

«አዎ» አለች።

በትራቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። የምሥራች ሁሉም ነገር አለቀ ብላ አሰበች። አብዶሽ ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር። እሱም ያን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን አይቶታል፤ ሥራ ፈት ኤሊ ሆዱ ላይ ቁጥር አይጽፍም፣ ባለቤት እንዳለው ገብቶታል። ግን አልጠየቀም። እንዳይወሰድበት ፈርቶ አልጠየቀም። ይህን ለጉባኤው ተናገረ። ሐኪሟ ደግሞ «እናንተ ሰዎች ንስሐችሁን በኋላ፤ አሁን ዘይት አምጡ» አለች።

ከዚህ በኋላ ለኤሊው የተደረገለት ሦስት ነገር ነው፤ አንዱ ቢጎድል ኤሊው የለም።

የምሥራች ያደረገችው ይኸው ነው፤ ተናገረች። ቃል ብቻ ነው፤ ነገር ግን በረካ ባቡር መሆኑን ከምድር ላይ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ባትናገር ኖሮ ሐኪሟ ጓንቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ትሄድ ነበር። ቃሉ ያስከፈላትን ደግሞ የምታውቀው እሷ ናት፤ በከተማው ውስጥ ያሏት ሰዎች እነዚያው ነበሩ።

ኤሊው ግን ዘይቱን አልቀምስ አለ። አብዶሽ በፓፓያ አባበለው፤ ሐኪሟ አፉን ልትከፍት ሞከረች፤ አንገቱን እንደ ቆለፈ ቀረ። በዚህ መሐል ጋሽ ዘውገ ከቤት ወጡ። በአንገታቸው ላይ የተከለከሉት ፊሽካ አለ። እትዬ ብርቅነሽ «ሳንባዎን!» ብለው ክንዳቸውን ያዙ። እሳቸው ክንዳቸውን አስለቅቀው ነፉ፦ ሁለት ረጅም። ሳል ያዛቸው፤ ጎንበስ ብለው ተንፈሱ፤ ቀና አሉና አንዷን አጭር ጨመሩ። ኤሊው አንገቱን አወጣ። ከስድስት ዓመት በላይ ያልሰማውን ድምፅ አቅጣጫውን ፈልጎ፣ ጫማቸው ጋ ደረሰና አፉን ከፈተ። ዘይት የተቀባውን ፓፓያ ከእጃቸው በላ። በየቀኑ ሦስት ጊዜ እንዲህ ነፉለት፤ በየቀኑም ሦስት ጊዜ ሳሉ።

መብላቱ ብቻውን አልበቃም። አብዶሽ ሱቁን ዘጋ፤ በገበያ ቀን ዘጋ። አራት ቀን ሙሉ ሳፋ ፊት ተቀምጦ፣ ውሃውን በክርኑ እየለካ፣ ሲቀዘቅዝ እየጨመረ፣ ከቅርፊቱ ሥር ሐኪሟ ባሳየችው አኳኋን በአውራ ጣቱ ሲያሸው ከረመ። ጣቶቹ እንደ ልብስ አጣቢ ተጨማደዱ። ሌላ ሰው ላግዝህ ሲለው በረካ የኔን እጅ ነው የሚያውቀው ይላል። እውነቱን ነው፤ በሌላ እጅ ሲነካ ይቆለፋል።

በአራተኛው ቀን ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሳፋው ውስጥ ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማ። አብዶሽ እጁን አግብቶ ቁልፉን አወጣው። ትንሽ አረንጓዴ ዝገት ይዟል እንጂ ደህና ነበር። እትዬ ብርቅነሽ እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ዘውገ ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዳሰሱትና «አሁን ገና ጡረታ ወጣሁ» አሉ።

እሑድ ደረሰ። የምሥራች አልሄድም ብላ ቤቷ ተቀመጠች። እትዬ ብርቅነሽ ባጥሩ ላይ «በርጩማሽን ፀሐይ እየመታው ነው፤ ነይና ተቀመጪበት» ብለው ተጣሩ። ሄደች። በርጩማዋ በቦታዋ አለች። ኤሊው ከመሐል በተከመረ ጎመን ላይ ተጠምዷል።

ጋሽ ዘውገ ቀድመው ተናገሩ። «ከሐዲድ መሐል አንሥቼ አሳደግኩት። ስም ሰጠሁት። የጠራሁትም እኔ ነኝ፣ የመጣውም ወደኔ ነው። አደራ ሰጠሁ እንጂ አልሰጠሁም። ባቡር የኔ ነው።»

አብዶሽ ቀጠለ። «ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን አደራው ከተቀበረ በኋላ ከቦይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት አበላሁት፣ አራት ቀን አሸሁት። እርስዎ ሌላ ኤሊ እየሳሙ ሳለ ከታመመው በረካ ጎን የተኛሁት እኔ ነኝ። የኔ ነው።»

ሁሉም ክርክሩ በሁለቱ መሐል ነው ብሎ ስለነበር የምሥራችን ያየ አልነበረም። እሷ ግን ፊቷ እንደዚያ እንደ ጥፍር ቀለሙ ቀልቶ ተነሣች።

«እኔም እፈልገዋለሁ» አለች። «መቅበሬን አውቃለሁ። መዋሸቴን አውቃለሁ። ግን ተናግሬ አድኜዋለሁ። በሬ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ እሱ ብቻ ነው። ይሄንንም እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።»

«አፍራ አፍራ አሁን ደግሞ አላፍር አለች» አሉ እትዬ ብርቅነሽ፤ ግን እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ታዩ።

አንዱ ማኅበርተኛ የኤረሩን ኤሊ ለአንዱ መስጠት ይቻላል አለ። የትኛውም አልቀበልም አለ። ጋሽ ዘውገ እንዲያውም «እሱን አትንኩብኝ፤ ስለ ባለቤቴ ብዙ ያውቃል» አሉ። ሌላው ኤሊው ራሱ ይምረጥ አለ። ሦስቱም በሦስት ማዕዘን ተቀመጡ። ጋሽ ዘውገ ፊሽካቸውን ያዙ፣ አብዶሽ ቲማቲም ያዘ፣ የምሥራች የምትይዘው ስለሌላት ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አኖረች። ኤሊው አንድ ጊዜ ዞሮ አያቸው፤ ጎመኑን ጨረሰ፤ ከዚያ አንገቱን አስገብቶ ተኛ። የምሥራች ቶሎ ብላ «አልሞተም» አለች። ማኅበሩ በሙሉ የሳቀው ያን ጊዜ ነው፤ ጋሽ ዘውገም ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ማኅበሩ እስከ ማምሻ ድረስ ይከራከራል፤ ኤሊውም እስኪፈረድ ድረስ በእትዬ ብርቅነሽ ዘንድ ነው።

እናንተ ደግሞ ሰምታችኋል። አንዱ አሳድጎ ስም ሰጥቶታል፤ ታሞ ሳለም በገዛ ሳንባው ጠርቶ አብልቶታል፤ ቁልፉን ያስዋጠው ኮት ግን የእሱ ነው። ሌላው ከመንገድ አንሥቶ ስድስት ዓመት አኑሮታል፤ በእጁ አሽቶም አውጥቶለታል፤ ባለቤት እንዳለው እያወቀ ግን ዝም ብሏል። ሦስተኛዋ ከነሕይወቱ ቀብራዋለች፤ ያላትን ሁሉ በሚያሳጣት አንድ ቃል ደግሞ ከሞት መልሳዋለች።

እስቲ ፍረዱ፤ ኤሊው ለማን ይገባል?